ቤት የዋለ ልጅ ራሱን በምን ያውቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

የዛሬው ትምህርታችን ከአንዲት እኅት ጥያቄ የተነሣ ነው። ይህች እኅት በአል አይን ሰው ቤት ትሠራለች። ልጆቿን የምታሳድግላት ደሴ ያለችው እናቷ ናት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ትልቋ ልጇ 13 ዓመቷ ነበር። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስትሮጥና ሱዚ ስትዘል የምትውል፣ ጫማዋ ከአቧራ የማይጠራ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን በስልክ ሲገናኙ ፊቷን ማሳየት ተወች። «እማ፣ ካሜራውን ልዝጋው፤ አስጠላለሁ» ትላት ጀመር። እናት ደነገጠች። ልብስ ላከች፣ የፊት ቅባት ላከች፣ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» እያለች መከረች። ልጅቱ ግን ስልኩን ለአያቷ ሰጥታ መሄድ አበዛች።

ያቺ ልጅ ዛሬ ራሷን የቻለች ወጣት ናት። እናት ግን ጥያቄው ከልቧ አልወጣም። «ያኔ ከእኔ ምን ነበር የጎደለው? አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ 13 ሊሞላው ነው» አለችን። ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ፣ የብዙዎቻችሁም ስለሆነ፣ በዚህ ገጽ ልንማማርበት ወደድን።

1. በዚያን ጊዜ ምን ሆነ?

ነገሩን ለመረዳት ያን ዓመት እናስታውስ። እዚህ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት የካቲት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. (ማርች 8፣ 2020 እ.ኤ.አ.) ነው። በኋላም የዓመቱ ትምህርት እስኪያልቅ ተማሪዎች በኮምፒውተርና በስልክ ከቤታቸው እንዲማሩ ተወሰነ። መጋቢት 7 ቀን ማታ ደግሞ የአምልኮ ቦታዎች ሁሉ ተዘጉ። በዚያው በመጋቢት 7 ቀን በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና የስፖርት ውድድሮች እንዲቆሙ መንግሥት አስታወቀ። የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን ከተገኘ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እዚህ ከመጋቢት 17 ቀን ጀምሮ ጎዳናዎችን በመድኃኒት የማጽዳት ዘመቻ ሲካሄድ በሌሊት መውጣት ተከለከለ፤ ገደቡም እስከ ሰኔ 17 ቀን ቆየ። ግንቦት 25 ቀን ደግሞ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን፣ ከአል አይንም ወደ አቡ ዳቢ መሄድ ያለ ፈቃድ የማይቻል ሆነ። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ ላይ ያላችሁ እኅትማማቾች መጠያየቅ እንዳቃታችሁ ታስታውሳላችሁ። የዚያን ዓመት ሰሙነ ሕማማትና ስቅለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም ትንሣኤ፣ ብዙዎቻችሁ በምታድሩበት ክፍል ውስጥ ብቻችሁን አሳለፋችሁ።

በኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርት ደረጃ በደረጃ የተከፈተው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው፤ ለ13 ዓመት ልጅ ሰባት ወር ረጅም ዘመን ነው።

ያኔ ሁላችንም ያሰብነው ስለ ቀረው ትምህርት ነበር። ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ብዙ ተደክሟል። ያልታሰበለት ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት የእግር መንገድ፣ የጠዋቱ ሰልፍ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ በዕረፍት ሰዓት የሚጫወተው ኳስ፣ ፔፕሲና ሰኞ ማክሰኞ አብረው ተዘጉ። እነዚህን ማንም እንደ ትምህርት አልቆጠራቸውም። ሆኖም ልጁ ስለ ራሱ ብዙ ነገር የሚማረው በእነርሱ ነበር።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 22 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። በወረርሽኙ ጊዜ ልጆችና ጎረምሶች በአካል እንቅስቃሴ የሚያሳልፉት ጊዜ በ20 በመቶ ገደማ እንደ ቀነሰ አግኝቷል። ይህ አማካይ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ከአምስት ሰው ጋር የተዘጋባት ልጅ የቀነሰባት ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

2. ስለ ራስ ያለ ግምት ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው «እኔ ማን ነኝ? ምን እችላለሁ? ምን ያህልስ ዋጋ አለኝ?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስለ ራሱ ያለው ግምት ይባላል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሻቭልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህን ግምት በክፍል በክፍል አስቀምጦታል። በአጭሩ አራት ምሰሶ አለው ማለት እንችላለን፦

ሀ. ትምህርት፦ «የሚገባኝ ልጅ ነኝ ወይስ ደደብ?»
ለ. ከሰው ጋር መኖር፦ «ይወዱኛል ወይስ ይሸሹኛል?»
ሐ. ስሜት፦ «ንዴቴንና ሐዘኔን እችለዋለሁ ወይ?»
መ. አካል፦ «ሰውነቴ ብርቱ ነው ወይ? መልኬስ እንዴት ነው?»

ወንጌላዊው ሉቃስ ጌታችን በልጅነቱ እንዴት እንዳደገ ሲጽፍ (ሉቃ. 2፥52) በጥበብ ማደጉን ብቻ ጽፎ አላለፈም፤ በቁመትም፣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት በሞገስም ማደጉን ጽፏል። ጥበብ፣ አካልና ከሰው ጋር መስማማት አብረው ያድጋሉ።

በጉርምስና ዕድሜ ከእነዚህ ምሰሶዎች ሁሉ ፈጥኖ የሚነቃነቀው የአካሉ ነው። ድምፅ ይጎረንናል፣ ጡት ያጎጠጉጣል፣ ፊት ላይ ብጉር ይወጣል፣ እጅና እግር ከልብስ ይተርፋል። ትናንት የራሱ የነበረው ሰውነት ዛሬ የእንግዳ ይመስለዋል። ይህን አዲስ ሰውነት የሚላመደው በሥራ ላይ አውሎት ነው፤ ሮጦበት፣ ዘሎበት፣ ወድቆ ተነሥቶበት። ቤት ሲዘጋበት ግን የሚቀርለት መስታወትና ስልክ ነው። መስታወት ሰውነቱ ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደሚችል አይነግረውም። ስልክ ደግሞ የሌሎችን ያማረ ፎቶ እያመጣ «አንተ እንደዚህ አይደለህም» ይለዋል።

ያቺ ደሴ የነበረች ልጅ የደረሰባት ይህ ይመስለናል። የምትሮጥ ልጅ ነበረች፤ የምትታይ ልጅ ብቻ ሆና ቀረች።

3. ከዳዊት የምንማረው

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳዊት ጎልያድን ልግጠመው ባለ ጊዜ ሳኦል ገና ብላቴና ነህ ብሎ ሊከለክለው ሞከረ። ጎልያድም መልኩንና ልጅነቱን አይቶ ናቀው። ታላቅ ወንድሙ እንኳ ተቆጣው። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ የሚነግሩት ማነሱን ነበር።

ዳዊት ምን ብሎ መለሰ? ስለ መልኩ አልተከራከረም። የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መጥተው እንደ ነበር፣ ተከትሎም በጉን ከአፋቸው እንዳስጣለ ተናገረ፤ ያን ጊዜ ያዳነው እግዚአብሔር አሁንም እንደሚያድነው መሰከረ። ስለ ራሱ ያለው ግምት የቆመው እግዚአብሔር ባደረገለትና በእጁ በሠራው ላይ ነበር። የሳኦልንም የጦር ልብስ አውልቆ መለሰ፤ ያልተለማመደበት ነበርና። ወንጭፉን ግን ለምዶታል።

እኅቶቼ፣ ልጅን «አንተ ጎበዝ ነህ» ብሎ ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን ባልሠራው ነገር የተመሰገነ ልጅ ምስጋናው እንደ ሳኦል ልብስ ይሰፋዋል። ልጁ «እችላለሁ» የሚለው ከሠራ በኋላ ነው። ትናንት 20 ጊዜ ገመድ የዘለለች ልጅ ዛሬ 30 ከዘለለች ማንም ሳይነግራት ስለ ራሷ አንድ እውነት ታውቃለች።

ሌላም ነገር አለ፤ ልጅ የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። በአርሲ በቆጂ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ዓለም አያት፤ አስቀድሞ ግን በሜዳ ላይ ቆሞ ሩጫዋን ያየላት መምህር ነበረ። ልጆቻችን ሁሉ ሯጭ አይሆኑም፤ ሁሉም ግን «አየሁህ» የሚላቸው ሰው ያሻቸዋል።

4. ነገሩን እንዳናጋንን

ይህን ስንል እንቅስቃሴ ለሁሉ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ መንገዱ ከሁለት ወገን ነው። የሚንቀሳቀስ ልጅ ስለ ራሱ መልካም ያስባል፤ ስለ ራሱ መልካም የሚያስብም ልጅ ለመንቀሳቀስ ይደፍራል። ስለዚህ የፈዘዘውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መስደብ የበለጠ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያረፉም ልጆች ነበሩ። በሜዳ ላይ የሚሳቅባቸው፣ ለቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የሚቀሩ ልጆች ቤት መዋል እፎይታ ሆኖላቸዋል። ጨዋታ ልጁን የሚያንጸው ሳይዋረድ የሚጫወተው ሲሆን ነው። ለብዙ ወራት አልነሣ ያለች፣ እንቅልፍና ምግብ የጠላች፣ መሞትን የምታወራ ልጅ ካለች ደግሞ ገመድ ዝለዪ ማለት አይበቃም። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ካህንም ያነጋግራት።

ሦስተኛ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ጢሞ. 4፥8) ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለሁሉ እንደሚጠቅም ያስተምራል። ጥቂት የሚጠቅም ማለት የማይጠቅም ማለት አይደለም። ያው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች (1ቆሮ. 6፥19) ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን ነግሯቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም በሥጋችን ጭምር እንድንጸልይ ታስተምረናለች፤ እንቆማለን፣ እንሰግዳለን፣ እናሸበሽባለን። ስግደት አምልኮ እንጂ ስፖርት አይደለም። ነገር ግን ሰውነት የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል።

5. ምን ያህል ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፤ ለአዋቂ ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ። እንቅስቃሴው ትንፋሽ የሚያፈጥን መሆን አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተንቀሳቀሱ ማውራት ይቻላል፣ መዘመር ግን ያስቸግራል። ስልሳው ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ጠዋት 20፣ ከሰዓት 20፣ ማታ 20 ቢሆን ይደመራል።

ይህ ችግር ከኮሮና በፊትም ነበረ። ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መሠረት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶው የሚበቃቸውን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር። ከወንዶች 78 በመቶ፣ ከሴቶች 85 በመቶ ማለት ነው። ሴት ልጅ ስታድግ «አሁንማ ኮረዳ ሆነሻል፤ ተቀመጪ» መባሏ እዚህም እዚያም አለ።

«ልጄ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ይህ እንቅስቃሴ አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በእርግጥ እንቅስቃሴ ነው፤ ለጤናዋም ይቆጠራል። ነገር ግን እናንተ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትወጡና ስትወርዱ ውላችሁ ማታ የሚሰማችሁ ድካም እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ልጅ ራሷ የመረጠችው፣ ከጓደኛ ጋር የምታደርገው፣ እየተሻሻለች የምታየው እንቅስቃሴ ደግሞ ለብቻው ያስፈልጋታል። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ እርሷ ዕቃ የምታጥብ ከሆነ ስለ ራሷ የምትማረው ሌላ ነገር ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ. ልጆቿን አገር ቤት ለተወች እናት

በስልክ ስትገናኙ አስቀድማችሁ ስለ መልክ አትናገሩ። «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ»፣ «ጠቆርሽ»፣ «ፊትሽን ምን ነካው?» የሚሉት ቃላት ከፍቅር ቢወጡም በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ሚዛን ላይ መውጣት ናቸው። በእነርሱ ፈንታ «ዛሬ ምን ሠራህ? ምን ተጫወትሽ? ከማን ጋር?» በሉ። ካሜራውን ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ ሥራው እንዲያዞር ጠይቁት። ገመድ ስትዘል አያት ስልኩን ትያዝላት፣ እናንተ ቁጠሩላት። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙት፤ በሚቀጥለው እሑድ «ባለፈው 34 ነበር» ስትሏት እናቷ እንዳየቻት ታውቃለች።

ገንዘብ ስትልኩ ከልብሱና ከስልኩ በፊት ኳስ ወይም የመሮጫ ጫማ አስቡ። ገመድማ ከቤት አይጠፋም፤ ሰኞ ማክሰኞ ጠመኔና መሬት ብቻ ነው የሚፈልገው። አያቶችንና አክስቶችን ደግሞ «ልጅቷ በቀን አንድ ሰዓት ከሥራ ነፃ ትሁን» ብላችሁ ለምኑልኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ከነሽብሸባውም ለሰውነትም ለነፍስም የሚሆን ነው፤ ጓደኛም ያገኙበታል።

ለ. በሥራ ቤታችሁ ጎረምሳ ወይም ኮረዳ ላለባችሁ

በተዘጋው ዘመን የአሠሪዎቻችሁን ልጆች ከማንም በላይ ያያችሁ እናንተ ናችሁ። ሌሊት በጨዋታ ስልክ ላይ አድረው ቀን ሲተኙ፣ ምግብ ወደ ክፍላቸው ሲያስመጡ አይታችኋል። እናንተ ወላጅ አይደላችሁምና ልትቀጧቸው አይገባም። ያያችሁትን ግን ለማዳም በትሕትና መናገር ትችላላችሁ። በእርሷ ፈቃድ ትንንሾቹን ወደ ግቢው ወይም ወደ መናፈሻ አብራችሁ ማውጣት ይቻላል። ሙቀቱ በሚበረታበት በበጋው ወራት ይህ ገና በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። ስለ ሰውነታቸው ግን ቀልድ እንኳ ቢሆን አትናገሩ። ለትልልቆቹም «ይህን ሳጥን ከፍ አድርግልኝ፤ አንተ ትችላለህ» ማለት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሐ. ለራሳችሁ

ከእናንተ መካከል ገና በለጋ ዕድሜያችሁ ከአገር የወጣችሁ፣ ጉርምስናችሁን በሰው ቤት የጨረሳችሁ አላችሁ። ሰውነታችሁን ለሌላ ሰው ሥራ እንጂ ለራሳችሁ ደስታ ያነሣችሁበትን ቀን የማታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀንም ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያም 8ቱ ሳይቋረጥ ነው። ያ ቀን ሲገኝ ሁሉን በእንቅልፍና በስልክ አትጨርሱት። የአቡ ዳቢ ልጆች በኮርኒሽ ዳር፣ የአል አይን ልጆችም በተምር ዛፎቹ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተራመዱ። ለልጃችሁም «ዛሬ እኔም አንድ ሰዓት ተራመድኩ» ብላችሁ ንገሩት። የምትመክሩትን ስታደርጉ ያያል።

7. ለእኅታችን መልስ

እኅታችን «ከእኔ ምን ጎደለ?» ላለችው፣ በዚያ ዘመን የጎደለው ከእርሷ አልነበረም። በሩን የዘጋው በሽታው ነው፤ የላከችውም ልብስ ፍቅር ነበር። ነገር ግን ልጅቱ ያጣችው ያማረ መልክ ሳይሆን የምትሮጥበት ሜዳና የሚያይላት ሰው ነበር። ከዚያም ወዲህ በሰሜኑ ጦርነትና በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ያለፈ ዘመን ወሬ አይደለም።

እኅታችን ይህን ከተነጋገርን በኋላ ወደ ደሴ ደወለች። ለልጁ ስለ ቁመቱ ምንም አላለችውም። «ኳስ በእግርህ ስንት ጊዜ ታነጥራለህ?» ብላ ጠየቀችው። «አሥራ አንድ» አላት። «አሳየኝ» አለችው። ስልኩን የያዘችለት ታላቅ እኅቱ ነበረች፤ ዘጠኝ ላይ ሲወድቅበት ከስልኩ ጀርባ ስትስቅ እናት ሰማቻት። «እኔስ እኮ ያኔ ሱዚ ላይ የሚያክለኝ አልነበረም» አለች ልጅቱ። እናት ያን ድምፅ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው!

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ስለ ራስ ያለ ግምት አራቱ ምሰሶዎች ምን ምን ናቸው?
2. ዳዊት ለሳኦል ሲመልስ ስለ ራሱ ያስታወሰው ምንን ነው?
3. ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ስንት ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል?
4. በዚህ ሳምንት ስትደውሉ ስለ መልክ በሚጠየቀው ፈንታ ምን ትጠይቃላችሁ? ያገኛችሁትን መልስ በሚቀጥለው ጉባኤ ይዛችሁልን ኑ።

የራቁትን ልጆቻችንን የሚጠብቅ አምላክ በሰላም ያገናኛችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።